ስለ ሙቀጫው ነው የመጣነው

አሁን ቡሬ ላይ የወፍጮ ቤት አለኝ። ሞተሩን ሳስነሳው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይነሳል፤ የጎረቤቴ የወይዘሮ ስንዱ ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ ሆነው ይጨፍራሉ። ለጉራ ነው የሚነግረን ትሉ ይሆናል፤ አዎ፣ ለጉራም ነው። ግን የሚያስደነግጠው ነገር ወዲህ ነው። ከወፍጮው በፊት እንጀራዬ ጩኸት ማብረድ ነበር። ሰው ከሰው ጋር ግድግዳ ተካፍሎ ሲኖር የሚነሳውን ጠብ፣ "ያ ሰውዬ አላስተኛ አለኝ፣ ያቺ ሴትዮ ጆሮዬን በጠሰችው" የሚለውን ሁሉ የማበርደው እኔ ነበርኩ። በጃንሆይ ጊዜ፣ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ገብቶ "የረጅሙ ቤት አዳነ የት ነው?" ብሎ የጠየቀ ሰው መንገድ አይጠፋውም ነበር። ቢጠፋውም ድምፄን ተከትሎ ይመጣል።

ረጅሙ ቤት የእሜቴ ጥሩነሽ ነው። እሜቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አውራ ጎዳናው ዳር ያለውን ቦታቸውን ዝም ብለው አላዩትም። አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ከጫፍ እስከ ጫፍ አሠሩበት፣ ቆርቆሮ አለበሱት፣ ውስጡን ከፋፍለው አከራዩት። አስተማሪ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ አለ፣ ልብስ ሰፊ አለ፣ ጠላ ሻጭ አለች፣ ቄስ አሉ። ሁሉም በየበሩ ንጉሥ ነው። ጉዱ ያለው ከበሩ ወዲያ ነው። ክፍሎቹን የሚለያየው ግድግዳ ከሰው ቁመት ትንሽ አልፎ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ባዶ ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ከወዲያኛው ጫፍ "ይማርህ" ይሉታል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሦስተኛ ቤት ያለው ሰው ተኝቶ ይፈርዳል።

እኔ መጀመሪያ የመጣሁት ጭቃውን ላቦካ ነው። ቤቱ አለቀ፣ ሰው ገባበት፣ ሰው ሲገባበት ጠብም ገባ። አንድ ቀን ፖሊሱና ልብስ ሰፊው ደጅ ላይ ተያይዘው መሀላቸው ገባሁና ሁለቱንም አሳቅኋቸው። ምን ብዬ እንዳሳቅኋቸው እዚህ አልጽፍም፤ ቄስ ያነበው እንደሆነስ። እሜቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያዩ ኖሯል፤ አስጠሩኝ።

"አንተ፣ ሥራህ ምንድነው?"

"ጭቃ፣ እሜቴ።"

"ጭቃህን ተወው። እኔ ምላስህን ነው የምፈልገው። ያፈሰሰውን ትደፍናለህ፣ የተጣላውን ታስታርቃለህ። አሠራሩን ቸኮል ያሳይሃል።"

ደመወዙ ወሬ የሚሆን አልነበረም፤ ጥግ ላይ ያለችውን ክፍል ግን በነጻ ሰጡኝ።

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ከተከራይ ግድግዳ ላይ ነው። ያኔ ሰው ግድግዳውን በጋዜጣ ነበር የሚለጥፈው። አቤቱታ ልሰማ እገባለሁ፤ ባለቤቱ እየጮኸ ሳለ እኔ ጋዜጣው ላይ ጣቴን እሰድና "ይቺ ፊደል ምን ትላለች ጌታው?" እላለሁ። ሰውዬው እሷን ሲያስረዳኝ ንዴቱ ይበርዳል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የከተማውን ጠብ ጨርሼ ፊደሉንም ጨረስኩ። ችግሩ፣ ጋዜጣው ላይ የጀመርኩት ወሬ ሁሉ መጨረሻው ከአልጋ ጀርባ መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ መጨረሻውን የማላውቀው ስንት ጦርነት አለ መሰላችሁ።

አሁን ወደ አያ ቸኮል ልምጣ። ስማቸው ቸኮል ይባል እንጂ እንደሳቸው ያልቸኮለ ሰው ዳሞት ላይ አልተወለደም። ከእኔ በፊት የእሜቴን ቤቶች የሠሩትም የጠበቁትም እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም ነው ለእኔ የለቀቁት። አቤቱታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄዱት ይጮሃል ወደተባለው ሰው ቤት አይደለም፤ ወደ ከሳሹ ቤት ነው። ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ። ገብተው ከሳሹ አልጋ ላይ፣ በራስጌው በኩል፣ ቁጭ ይላሉ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ዝም ይላሉ።

"ጆሮዎን ቢያስጠጉ አይሻልም?" አልኳቸው መጀመሪያ ጊዜ።

"ጆሮ የጠላኸውን ሰው ድምፅ ያበዛብሃል። መዳፍ ማንንም አይጠላም" አሉኝ።

መዳፉ ከተንቀጠቀጠ ድምፁ በመሬትና በግድግዳ ነው የሚመጣው፤ መድኃኒቱ ከሥር ነው። ሙቀጫ ከሆነ በገለባ የተሞላ ጆንያ ላይ ይቀመጣል፣ አልጋ ከሆነ ጠፍሩ ይወጠራል፣ በር ከሆነ ማጠፊያው ሞራ ይቀባል። መዳፉ ካልተንቀጠቀጠ ድምፁ የሚመጣው በላይ በክፍቱ ነው፤ ሰሌን ይሰቀልበታል። መዳፉም ካልተንቀጠቀጠ፣ ሰሌን ተሰቅሎም ሰውዬው ካልተኛ፣ አያ ቸኮል አልጋው ላይ ጋደም ይሉና "በል ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?" ይሉታል። ያን ጊዜ ሰውዬው ስለ ጎረቤቱ ትቶ ስለ አለቃው ወይም ስለ ሚስቱ ማውራት ይጀምራል።

ተከሳሹ ቤት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ስለ ጩኸት አንድ ቃል አይወጣቸውም። ውኃ ይለምናሉ፣ ቀስ ብለው ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይወጣሉ። በሌላ ቀን የሚያፈስ ቆርቆሮ እንዳለ ይጠይቃሉ። ሰውዬው ራሱ "አያ ቸኮል፣ እኔ ግን ጎረቤት አስቸግራለሁ ይሆን?" እስኪል ይጠብቃሉ። ታዲያ ሁልጊዜ ብቻቸውን ነው የሚሄዱት። "ሰው ደጅ ስትሄድ ብቻህን ሂድ" ብለውኛል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሽማግሌ ብቻውን መሄድ ይወዳል ብዬ ነው ያለፍኩት።

አንዱን ሥራቸውን ልንገራችሁ። አባ ይኄይስ፣ ያልኳችሁ ቄስ፣ ጠዋት ጠዋት ዜማ ይለማመዳሉ። ልብስ ሰፊው አበደ። ቄስን ዝም በሉ የሚል ሰው የለም፤ ይህን ልብስ ሰፊውም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ያበደው። አያ ቸኮል መጡ፣ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ ሰሙ።

"መኪናህን መርገጥ የምትጀምረው መቼ ነው?"

"ቁርሴን ከበላሁ በኋላ ነዋ።"

"ከነገ ጀምሮ አባ ሲጀምሩ ጀምር።"

በቃ። መኪናው ዜማውን ሸፈነው፣ ዜማውም መኪናውን። አባ ይኄይስ ስለ መኪናው ሊከሱ መጥተው ነበር፤ በኋላ ግን ልብስ ሰፊው ሳያውቀው በዜማው ልክ መርገጥ ጀመረና ደስ አላቸው። ድምፅን በድምፅ መሸፈን እንደሚቻል ያን ጊዜ አየሁ። ገርሞኝ ቁጭ አልኩ። ቀላል ነገር ሲሠራ ማየት እንደሚያስደነግጥ የማውቀው ከዚያ ነው።

በመሀል እሜቴ ቡሬ ያላቸውን ቤት እንድጠብቅ አንድ በጋ ልከውኝ ነበር። እዚያ ጠጅ ቤት አለ፣ ከጠጅ ቤቱ አጠገብ ደግሞ አዲስ ሙሽሮች ተከራይተዋል። ማን ማንን እንደከሰሰ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የከሰሰው ጠጅ ቤቱ ነው። ለማንኛውም አበረድኩት፤ ሙሽሮቹን ከጋጣው አጠገብ ወዳለው ክፍል አዛወርኳቸው፤ በቅሎዎቹ አልከሰሱም። ስሜ ከዚያ ወዲህ ደምበጫ ድረስ ተሰማ። ክረምት ሲገባ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። ክረምት በእኛ ሥራ ዕረፍት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም ማንንም አይሰማም፣ ሁሉም ይፋቀራል። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያቆምና ጎረቤት እንዳለህ ትዝ ይልሃል።

ያ የጉድ ነገር የመጣው ጥቅምት ላይ ነው።

እትዬ አንጓች ጠላ ሻጭ ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ትርንጎ ናት፤ እሷም ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወዲህ ያለ ቀበሌ፣ ገበሬ አግብታ ሄዳለች። እትዬ አንጓች ገና ሳይነጋ ተነስተው ጌሾ ይወቅጣሉ። ሙቀጫው ያለው ከጸሐፊው ከአቶ በላይነህ ራስጌ ወዲያ ነው። አቶ በላይነህ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ለጌሾው ችሎ ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ውቂያው እጥፍ ሆነ። ጌሾው አልቆ ሌላ ነገር ይወቀጣል። ጸሐፊው ዓይኑ ቀልቶ መጣ።

"አዳነ፣ ይህች ሴትዮ በራሴ ላይ ነው የምትወቅጠው።"

እንደተማርኩት አደረግኩ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ፣ መዳፌን ለጠፍኩ፤ ግድግዳው እንደ ወባ ታማሚ ይንቀጠቀጣል። እትዬ አንጓች ቤት ገብቼ ውኃ ለመንኩ፤ ጠላ ሰጡኝ። በሌላው ቀን ስለሚያፈሰው ቆርቆሮ ጠየቅኩ፤ ጠላ ሰጡኝ። በሦስተኛው ገለባ የተሞላ ጆንያ ይዤ ገባሁ።

"ይህ ምንድነው?"

"ለሙቀጫው መቀመጫ ነው እትዬ። ጎረቤት ትንሽ..."

"ሙቀጫ ጆንያ ላይ ይቀመጣል? ተወዛውዞ እግሬ ላይ ይውደቅብኝ?" ጆንያውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። "ደግሞ እኔ ቀስ አድርጌ ነው የምወቅጠው። ማንም አይሰማውም።"

"ይሰማል፣ እትዬ።"

"ሰማሁ የሚል ሰው ካለ ደጄ ላይ ቆሞ ይመስክር።"

እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሉኝ አልወድም። አያ ቸኮልን ልጠይቅ ወይ አልኩና መልሼ፣ ምን ይጠየቃል፣ የቡሬን ጠጅ ቤት ያበረድኩ ሰው አይደለሁ አልኩ። ምስክር ሰበሰብኩ። አቶ በላይነህና ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊው። ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ ብዬ አባ ይኄይስን ለመንኩ። የቤቱ ባለቤት ባሉበት ይሁን ብዬ እሜቴንም ቀሰቀስኳቸው። እሜቴ መራዊ ከተማ ያሉ እህታቸው ሞተውባቸው ያን ሰሞን ከል ለብሰው ነበር።

ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ተሰብስበን እትዬ አንጓች ደጅ ቆምን። የጥቅምት ብርድ ነው፤ ሁላችንም እስከ አፋችን ተከናንበናል። ውቂያው እንዲሰማ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ነግሬያለሁ። ይሰማል፣ ድም፣ ድም፣ ድም። እኔ በልቤ እየሳቅኩ ነው። ልብስ ሰፊው ሳል ያዘውና አንዴ ሳለ። ውቂያው ቆመ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ አንጓች ዘነዘናውን እንደያዙ ብቅ አሉ። መጀመሪያ ያዩት እሜቴን ነው፣ ከላቸውን። ቀጥሎ አባ ይኄይስን፣ መስቀላቸውን። ከዚያ ሁላችንንም፣ ተከናንበን፣ ዝም ብለን። ዘነዘናው ከእጃቸው ወደቀ።

"መቼ?" አሉ።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በመንገድ ላይ አይነገርም፣ በአንድ ሰው አይነገርም። ጎረቤት ማለዳ ተሰብስቦ፣ ቄስ ይዞ፣ ዝም ብሎ ደጅ ይቆማል። ሰውዬው በሩን ሲከፍት ማንም ምንም ሳይል ይገባዋል። እኔ ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እዚያ የቆምነው ሁሉ እናውቀዋለን። አንዳችንም አላሰብነውም።

ትርንጎ እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያዋ ናት፣ ወሯ ገብቷል። ሁላችንም እናውቃለን፤ በየቀኑ ነው የሚያወሩልን።

አባ ይኄይስ አንድ ቃል አወጡ፣ "አይዞሽ ልጄ"። ከቃል ሁሉ መርጠው ያቺን።

"ኧረ ምንም የለም እትዬ" አልኩ እኔ። "ማንም አልሞተም። ስለ ሙቀጫው ነው የመጣነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው አልተቆጣም። "ሙቀጫውን ተወው ልጄ" አሉኝ። "ከእንግዲህ ለማን እወቅጣለሁ።"

ያን ጊዜ ከኋላቸው አየሁ። እንቅቡ ላይ ያለው ጌሾ አይደለም። ገብስ ነው፣ ተሸክሽኮ ነጭ የሆነ፣ ለገንፎ ዱቄት የተሰናዳ። ሰሞኑን ሁሉ ለትርንጎ ነበር የሚሸከሽኩት።

ከዚያ ወዲያ ዋይታው ተነሳ። የሚያሳዝነው ዋይታ እንደ እሳት መሆኑ ነው፤ ከየቤቱ የሰማ ሁሉ ነጠላውን እያደገደገ እያለቀሰ መጣ። ማን እንደሞተ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ በኋላ ይጠየቃል። እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ "ጎበዝ፣ የሞተ የለም" ብዬ ተጣራሁ።

"ምስኪን" አለች አንዷ። "እንደ እህቱ ነበር የሚያያት፤ ሐዘኑ አዞረው።"

እሜቴ የእትዬ አንጓችን እጅ ይዘው በማርያም ስም ማሉ። አባ ይኄይስ መስቀላቸውን ይዘው ማሉ። እትዬ አንጓች ፊታቸውን ቧጥጠው ደም እየወረደ "ለአባቴም ጊዜ እንዲህ ነበር ያላችሁኝ፤ ትንሽ አመመው እንጂ ደህና ነው ብላችሁ ማላችሁልኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰው መርዶን የሚደብቀው በመሐላ ነው። በማልን ቁጥር ትርንጎን ደጋግመን ገደልናት። ፀሐይ ሳትሞቅ እትዬ አንጓች ሴቶቹን አስከትለው፣ እያለቀሱ፣ ወደ ቋሪት መንገድ ጀመሩ።

አያ ቸኮል ዱላቸውን ይዘው የመጡት ያኔ ነው። ነገርኳቸው። መቼም እሳቸው ሲደነግጡ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

"ልጅቷ ወልዳለች?"

"አይታወቅም።"

"አንተ ሰው፣ እኔ ስለ እናትየዋ አይደለም የምጠይቅህ። ልጅቷ አራስ ቤት ተኝታ፣ ወይ ምጥ ላይ ሆና፣ የእናቷን ዋይታ በግድግዳው ብትሰማ ምን የምትሆን ይመስልሃል? አራስ በድንጋጤ ስትሞት አይቻለሁ።" ወደ እሜቴ ዞሩ፤ "በቅሎውን ይስጡት።" ወደ እኔ ዞሩ፤ "ቀድመህ ድረስ። ያ ድምፅ እዚያ ቤት እንዳይገባ።"

የእሜቴ በቅሎ ላይ ወጣሁ። ሴቶቹን መንገድ ላይ አለፍኳቸው፤ እያለፍኩ "እትዬ፣ ደህና ናት" አልኩ፣ የባሰ አለቀሱ። መንገደኛ ሁሉ ልቅሶውን ሰምቶ እኔን ያስቆመኛል።

"እግዜር ያጥናህ። ምንህ ናት?"

"ምኔም አይደለችም። የሞተ የለም።"

"አይዞህ፣ ወንድ ልጅ ነህ። ጠጣ፣ ውኃ ጠጣ።"

ውኃ ሲያጠጡኝ፣ ሲያጽናኑኝ፣ ዳገቱ ላይ ስደርስ እንባዬ እንደሚወርድ አወቅኩ። ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ የሚገርመኝም እሱ ነው። ውሸቱን የፈጠርነው እኛ፣ የማውቀውም እኔ፤ ያን ሁሉ ልቅሶ ስሰማ ግን፣ ሞታ ቢሆንስ አልኩ። ቋሪት ደጋ ላይ ስወጣ ነፋሱ ሲመታኝ ሞታለች ብዬ አምኜ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ደረስኩ። የትርንጎ ቤት ከተራራው ሥር ነው፤ ግቢው ውስጥ ወንዶች ቆመዋል፣ ዝም ብለው። ዝምታውን ሳይ ከበቅሎው ወረድኩ ሳይሆን ወደቅኩ። ባሏ ወደ እኔ መጣ፤ ፊቱ አመድ ነው።

"መቼ?" አልኩት።

"ከትናንት ጀምሮ ነው" አለኝ። "ምጥ ላይ ናት። አቅም አንሷታል። ዝግ በል።"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሳቅኩ። ሰዎቹ እብድ መጣብን አሉ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ከተራራው ጫፍ ሰማሁት፤ ሩቅ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ነፋሱ ግን ቁልቁል ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው። ዋይታው እየመጣ ነው። ሮጬ ወደ ላይ ልሂድ? ምን ልላቸው? ደህና ናት ብዬ ልማል? ወደ ቤቱ ሄጄ መዳፌን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ውስጥ ሴቶቹ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ፤ ከትናንት ጀምሮ ስላሉት ድምፃቸው አልቋል፤ ዝንብ የሚያንሾካሹክ ይመስላል። ግድግዳው ቀጭን ጭቃ ነው፣ ያ ዋይታ አሁን ዘልቆ ይገባል።

ልብስ ሰፊው ትዝ አለኝ። መኪናውና ዜማው።

"ማርያምን ጥሩ" አልኳቸው ለወንዶቹ። "ጮክ ብላችሁ።"

"ሰውዬ፣ እሱ የሴቶች ነው" አለኝ አንዱ ሽማግሌ። "ወንድ ከደጅ ሆኖ ይጸልያል እንጂ..."

"የምትመጣው እናቷ ናት፣ ልጄ ሞታለች ብላ እያለቀሰች ናት፤ ልጅቷ እንዳትሰማ።"

እስኪገባቸው አልጠበቅኩም። እኔ ብቻዬን ጀመርኩ፣ "ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም።" የፍኖተ ሰላም ሰው ይመስክርልኝ፣ ድምፄ ድምፅ ነው። ባሏ ቀጠለ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁና ቀጠሉ። የግቢው ወንድ ሁሉ ተቀበለ። ውስጥ ያሉት ሴቶች ሲሰሙን ነፍስ ዘራባቸው፣ ከእኛ በላይ ጮኹ። ግድግዳው መዳፌ ሥር እንደ ከበሮ ቆዳ ተንቀጠቀጠ። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ጸጥታ ስሸጥ ኖሬ፣ ያን ቀን ያንን ጩኸት በሕይወቴ እንዳየሁት ትልቅ ነገር ቆሜ አመሰገንኩ።

ቀና ስል ተራራው አፋፍ ላይ ሴቶቹ ቆመዋል። እጃቸው ወደ ራሳቸው እንደተነሳ ቀርቷል። ልቅሶው ቆሟል። እትዬ አንጓች መሐላ አላመኑም፣ መስቀል አላመኑም፣ እኔን አላመኑም። ይህን ግን ያውቃሉ፤ ለሞተ ሰው ማርያም ማርያም አይባልም። የሚባለው ለምታምጥ ሴት ነው፣ የምታምጥ ሴት ደግሞ በሕይወት አለች። ከዚያ በኋላ ያዩት ነገር ቢኖር ቁልቁለቱን ብቻ ነው፤ ነጠላቸው ቀጋው ላይ ቀርቶ እሳቸው መጡ።

ግቢው ሳይደርሱ ሕፃኑ አለቀሰ። እልልታው ተነሳ፣ የወንድ ልጅ እልልታ።

ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ገቡ። እኔ ደጅ ግድግዳው ሥር ነበርኩ፤ የትርንጎን ድምፅ ሰማሁ፣ ደክሞታል።

"እማየ። መጣሽ? ፊትሽን ምን ነካው?"



"ቀጋ ነው ልጄ" አሉ እትዬ አንጓች። "ገንፎሽ እንዳይዘገይ ስቸኩል ቀጋ ቧጨረኝ።"

ገንፎውን ግን ረስተውት ነው የመጡት፤ ፍኖተ ሰላም እንቅቡ ላይ ቀርቷል። የጎረቤት ዱቄት ተለምኖ ተሠራ።

ኋላ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አዳነ" አሉኝ።

"አቤት እትዬ።"

"ስለ ሙቀጫው ነው የመጣችሁት?"

"አዎ።"

አሰቡ አሰቡና፣ "እውነትም ይሰማል እንዴ?" አሉኝ።

"ይሰማል፣ እትዬ።"

"አንድ ቀን ብቻህን መጥተህ በደንብ አትነግረኝም ነበር?"

ፍኖተ ሰላም ስመለስ በቀጥታ የሄድኩት አያ ቸኮል ዘንድ ነው። "ብቻህን ሂድ ያሉኝ ለዚህ ኖሯል። ምክንያቱን ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ምክንያቱን ብነግርህ ትከራከረኝ ነበር" አሉ። "አንተ ምክንያት ካገኘህ የማትከራከረው ማንን ነው?"

እትዬ አንጓች ከአራስ ቤት ሲመለሱ ሙቀጫውን ከግድግዳው አርቀው ገለባው ጆንያ ላይ አስቀመጡት። አልተወዛወዘም። ሥራዬ ግን ከዚያ በኋላ አልሠራ አለ። ከተማው ሁሉ ወሬውን ሰምቷል፤ እኔ ሰው ደጅ ስቆም ሰው ይደነግጣል። "ምን ተፈጠረ አዳነ? ማን ነው?" ይሉኛል፣ እኔ ስለ በር ማጠፊያ ነው የመጣሁት። ደጅ ላይ ሲቆም ልብ የሚያቆም ሰው ጩኸት ማብረድ አይችልም። እሜቴን ተሰናብቼ ቡሬ ገባሁ፣ ቆይቶ ወፍጮውን ከአንድ ሰው ጋር ሆኜ ተከልኩ።

ባለፈው ጥር፣ ማለዳ፣ በሬን ስከፍት ጎረቤቶቼ ተሰብስበው ቆመዋል። ብርድ ነው፣ ተከናንበዋል፣ ዝም ብለዋል። ወይዘሮ ስንዱ ከፊት ናቸው። እናቴ ደምበጫ ገጠር ናት፣ አርጅታለች። የበሩን መቃን ያዝኩ፤ ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

"መቼ?"

"መቼ ምኑ?" አሉኝ ወይዘሮ ስንዱ። "እኛ እንኳ ስለ ወፍጮው ነው የመጣነው። ብርጭቆዎቼ..."

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ውኃ አመጡልኝ። ሲረጋጋልኝ ይህን ሁሉ ታሪክ ነገርኳቸው፤ ግማሾቹ አለቀሱ፣ ግማሾቹ ሳቁ፣ ወይዘሮ ስንዱ ሁለቱንም አደረጉ። ሞተሩን ጠዋት አርፍጄ እንዳስነሳ ተስማማን፤ ከሥሩም ገለባ ያለበት ጆንያ ደረደርኩ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ ስለ ጩኸት ስትመጡ አንድ አንድ ሆናችሁ ኑ፤ ከአጥሩ ጀምሮም እየሳቃችሁ ኑ።

ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሞተሩ በዝቶበት የመጣ ጎረቤት፣ ቢናደድም ባይናደድም፣ ከአጥሬ ጀምሮ እየሳቀ ነው የሚገባው። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሀል ሳቁን እንዴት እንደምሰማው አትጠይቁኝ፤ መዳፌን ግድግዳው ላይ ማድረግ አልተውኩም። ሰማሁ ማለት ሞተሩን አጠፋለሁ።